የነጥብ አርባ አንድ ምስክር

በሰመራ ከቤት ውጭ መሄድ የሚፈቀደው እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ሦስት ሲሞላ ከየምሰሶው ጡሩንባ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ እስክትበርድ ድረስ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው በካሜራ ይመዘገባል። ሕጉ የወጣው ሰው በሙቀት እየወደቀ ስላስቸገረ ነው። ያስቸገረው መውደቁ ሳይሆን የወደቀበት ሰዓት አለመታወቁ ይመስል፣ መጀመሪያ የተተከለው ካሜራው ነበር። ጥላው የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ሞሚና ያዮ አባቷን ይዛ ከቤት የምትወጣው ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። የበረዶ ሰደሪያቸውን ታለብሳቸዋለች፣ ክንዳቸውን ትይዛለች፣ ጥላ ጥላውን እያሉ እስከ ማቀዝቀዣ አዳራሹ ያዘግማሉ። የሰባ ስምንት ዓመቱ አዛውንት ልብ ሙቀት አይችልም። ሐኪሙ በቀን ስምንት ሰዓት ቅዝቃዜ ያስፈልጋቸዋል ብሎ ጽፎላቸዋል። ካርዳቸው ላይ ያለው ግን አራት ሰዓት ነው፤ ከቀኑ ስድስት እስከ አሥር፣ ወንበር ቁጥር አሥራ ሰባት። ከሦስት በፊት መድረስ ግዴታ፣ ከስድስት በፊት መግባት ክልክል ስለሆነ፣ መሐል ያሉትን ሦስት ሰዓታት በረንዳው ላይ እየተቀቀሉ ይጠብቃሉ። ሞሚና ይህን ሰዓት የደለደለውን ሰው አንድ ቀን ብታገኘው የምትለውን ሁሉ በልቧ አዘጋጅታ ነበር። ሰው እንዳልሆነ ያወቀችው ዘግይታ ነው።

የከተማዋ ተስፋ ኬብሉ ነበር። ከሰመራ ተነስቶ ኦቦክ ላይ ባሕር ውስጥ የሚገባ፣ በባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ ማዶ ሞካ ላይ ብቅ የሚል የኤሌክትሪክ ኬብል። ክረምት ክረምት ከእኛ ግድቦች ወደ ማዶ፣ በጋ በጋ ከማዶ የንፋስ ማማዎች ወደ እኛ። ዕቅዱ ሲወጣ ሞሚና የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን፣ በ2064 ዓ.ም.፣ አርባ ሦስት ሆኗታል። እስከዚያው የመሠረት ድንጋዩ ሦስት ጊዜ ተቀምጧል። ዘንድሮ ግን የምር ነው። ኬብል ዘርጊዋ መርከብ ኦቦክ ፊት ለፊት መልህቋን ጥላለች። ኬብሉ ሥራ ሲጀምር የአዳራሹ ካርድ ሁሉ ከአራት ወደ ስምንት ሰዓት እንደሚያድግ የሚገልጽ ማስታወቂያ በረንዳው ላይ ተለጥፏል። አባቷ በየቀኑ ያስነብቧታል።

ሞሚና የምትሠራው እዚያው ከአዳራሹ ጋር በሽፍን መተላለፊያ በተያያዘው የማገናኛ ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራዋ ሰዎች ስለ ኬብሉ የሚሉትን ሰምቶ መዝገቡ ውስጥ ማስገባት ነው። መዝገቡ የሚናገር ማሽን ነው፤ የሚወስነውም እሱ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሰዎችም አሉ፤ የእነሱ ሥራ መዝገቡ በወሰነው ማዘን ነው።

መርከቧ ሥራ ልትጀምር ዘጠኝ ቀን ሲቀራት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የአጎቷ ልጅ ሐንፈሬ መኪናውን ከአዳራሹ ፊት አቆመ። ሐንፈሬ ከባሕሩ ዳር ጨው የሚጭን ከባድ መኪና ላይ ይሠራል። መኪናው ራሱን በራሱ ነው የሚነዳው፤ ሐንፈሬ የተቀመጠው ሕጉ ሰው ይኑርበት ስለሚል ነው። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፤ ያለችው «ድንገተኛ ሕመም» የምትል አንዲት ቀይ ቁልፍ ናት። ሐንፈሬ ታዲያ የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ይታመማል። በመዝገቡ ላይ በዓመት ሦስት መቶ ጊዜ ራሱን ስቶ የነቃ ሰው ነው።

ምን ያድርግ? አፋር ከአፋር ጋር ዳጉ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ባይተዋወቁም እንኳ፣ ቁጭ ብለው ወሬያቸውን ይለዋወጣሉ። ያየውን «አየሁ» ይላል፤ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ይላል፤ ከራሱ አይጨምርም። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚቆምለት የለም። ስልክ መጣ፣ ካሜራ መጣ፣ መዝገቡ መጣ፤ ዳጉ ግን እንዳለ አለ።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አለ ሐንፈሬ ጥላው ሥር ቁጢጥ ብሎ።

ሞሚና የአባቷን ጤና ነገረችው፣ ከከተማው በስተምዕራብ የደረቀውን ጉድጓድ ነገረችው። ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ።

«የምነግርሽን አላየሁም፤ ሰማሁ። የሰማሁት ኦቦክ ላይ ጀልባ ከሚጠግነው ከዳቶ ነው። ዳቶ ከሞካው ዓሣ አጥማጅ ከሳልሚን ሰማ። ሳልሚን በዓይኑ አየ። ኬብላችሁ ሊያልፍበት ነው በሚባለው ቦታ ባሕሩ ከሥር ይፈላል አለ። ዓሣው በስሎ ይንሳፈፋል። መረቡን ጥሎ ሲስበው የታችኛው ጠርዝ እሳት እንደነካው ፌስታል ተኮማትሮ ወጣ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ።»

«መረቡን ዳቶ አይቶታል?»

«መረቡን አይቷል። ባሕሩን አላየም።»

«ቦታው ምልክት አለው?»

«ቢጫ ተንሳፋፊ በርሜል አለበት፤ አርባ አንድ የሚል ተጽፎበታል ብሏል።»

ሞሚና ነጥብ አርባ አንድን ታውቀዋለች፤ የመስመሩን ካርታ በየቀኑ ነው የምታየው።  ሐንፈሬ ከሕመሙ ድኖ ሲሄድ እሷ ጡሩንባውን እንኳ ሳትጠብቅ ወደ ቢሮዋ ገባች።

ሁሉንም ጻፈችው፤ ማን አየ፣ ለማን ነገረ፣ ማን አመጣው። መዝገቡ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ውድ ባልደረባ፣ ክስተቱን በዓይንዎ አይተዋል?» ሲል ጠየቃት። ሁለት ቁልፎች አሉ፤ «አዎ» እና «አላየሁም»። ሦስተኛ ቁልፍ ፈለገች። ከማን ሰሙ የሚል ቦታ ፈለገች። የለም። «አላየሁም» የሚለውን ነካች።

«ምድብ፦ ወሬ። ጉዳዩ ተዘግቷል። ለትጋትዎ እናመሰግናለን።»

እንደገና አስገባች። ተዘጋ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታስገባ መዝገቡ «ወሬን ስለ መከላከል» የሚል የሃያ ደቂቃ ሥልጠና ከፈተላት፤ አስር ጊዜ ብትነካካው አይዘለልም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጥርሷን ነክሳ አየችው። መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት ሰጣት።

የቢሮው ኃላፊ ኢንጂነር ውብአንተ ጡረታ ሊወጡ አራት ወር የቀራቸው ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን ከወንበራቸው አያስነሳቸውም።

«የባሕሩ ወለል ጥናት ምን ይላል?» አሏት።

«ጠንካራ አሸዋ ይላል። ግን ከተጠና ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው እኮ! መስመሩን ማጠፍ አይቻልም ወይ?»

«ማጠፉማ ምን አለው! ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ማጠፍ ለመርከቧ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ችግሩ ማሳጠፉ ነው። መዝገቡ ካላዘዘ ካፒቴኑ አንድ ሜትር አይነቃነቅም፤ መዝገቡ ደግሞ ያየ ምስክር ካልቀረበ አያዝም።» መነጽራቸውን አውልቀው አሹት። «አይቻለሁ በይና አስገቢው።»

«አላየሁማ፣ ኢንጂነር!»

«እንግዲያው ተዪው፣ እህቴ። ምን ላድርግሽ?»

በመተላለፊያው ወደ አዳራሹ ተሻገረች። ስድስት ሰዓት አልሞላም፤ አባቷ በረንዳው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ሰደሪያው ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጦ ውሃው ደረታቸው ላይ ይንቦጫቦጫል። ነገሩን ከነሰንሰለቱ ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ያየው ሳልሚን ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያው ሳልሚንን አምጪላቸው። ሌላ ምን አለው?»

በእሳቸው አፍ እንዴት ቀላል ነው! ሞሚና በዳቶ በኩል ሳልሚንን በስልክ አገኘችው። ጥርሶቹ ያለቁ፣ ሳቂታ ሰው ነው። የተኮማተረውን መረብ ወደ ካሜራው አስጠግቶ አሳያት፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የጀልባውን ቁጥር፣ ያየባቸውን አራት ቀናት አንድ በአንድ ሰጣት። ዳቶ መሐል ሆኖ እያስተረጎመ፣ «አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ ቃሉ የእሱ ነው» እያለ በየመሐሉ ያስታውሳታል።

መዝገቡ የሳልሚንን የመታወቂያ ቁጥር አይቶ፣ «ቁጥሩ የአገር ውስጥ አይደለም። ምስክሩ በማዶ መዝገብ በኩል ይቅረብ» አለ። ሳልሚን ሞካ ወዳለው ቢሮ ሄደ። እዚያ ያለው መዝገብ ደግሞ ነጥብ አርባ አንድ ከመካከለኛው መስመር ወደ ኦቦክ የቀረበ ስለሆነ ጉዳዩ እኛን አይመለከትም አለው። ሁለቱን የሚያስማማ የጋራ ኮሚቴ አለ፤ የሚሰበሰበው በአርባ አምስት የሥራ ቀን አንዴ ነው። ሞሚና ራሷ ሄዳ እንዳታይ የባሕር ፈቃድ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል። ዳቶ ሄዶ እንዳያይ መርከቧ ከመጣች ወዲህ አካባቢው ለጀልባ ተዘግቷል። በሄደችበት ሁሉ በትሕትና ይመልሷታል፤ አንድ ሰው እንኳ ቢሰድባት ደስ ባላት ነበር።

ሁለት ቀን ሲቀር፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ አባቷ በረንዳው ላይ ራሳቸውን ሳቱ። የበሩ ካሜራ ሰዓቱን መዘገበ። ሞሚና ውሃ እያፈሰሰችባቸው፣ «ስድስት እስኪሞላ ነው እንዴ የምትጠብቁት?» ብላ በሩን በጡጫ ደበደበችው። በሩ ስድስት ሰዓት ላይ ተከፈተ።

አባቷን ወንበር አሥራ ሰባት ላይ አስተኝታ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።  ሁለት ኪሎ ሜትር! ለሁለት ኪሎ ሜትር ሲባል ኬብሉ ይቃጠል? ነገሩ እውነት ነው፤ ሳልሚን አይዋሽም፣ ዳቶ አይዋሽም፣ ሐንፈሬ አይዋሽም። የሦስት እውነተኛ ሰዎች ቃል በአንዲት ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ውድ ባልደረባ፣ ክስተቱን በዓይንዎ አይተዋል?»

«አዎ» የሚለውን ነካች።

መዝገቡ ቀኑን ጠየቃት፤ ሳልሚን ካያቸው ቀኖች አንዱን ጻፈች። ወዲያው፣ «እጅግ እናመሰግናለን። በነጥብ አርባ አንድ ሥራው ለጊዜው ታግዷል፤ ማረጋገጫ ይካሄዳል» የሚል መልስ መጣ። ከሰባት ቀን በፊት ይህን ብታደርግ ኖሮ ምን ነበረበት? ሞሚና ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ የደስታም የንዴትም ነበር።

ማረጋገጫው አንድ ቀን እንኳ አልፈጀም። ሞሚና በየቀኑ ለአባቷ ወንበር ትፈርማለች። ባሕር ላይ ነበርኩ ባለችበት ቀን፣ ባለችበት ሰዓት፣ ካርዷና ፊቷ በአዳራሹ በር ላይ አሉ። መዝገቡ ባሕሩን ሊያረጋግጥ አልሄደም፤ እሷን ነው ያረጋገጠው።

«ስለ ነጥብ አርባ አንድ የቀረበው ምስክርነት ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። እገዳው ተነስቷል። ስለዚህ ነጥብ ሌላ መረጃ ፕሮጀክቱ እስኪፈጸም ድረስ አይስተናገድም።»

የኢንጂነር ውብአንተን ክፍል በር በርግዳ ገባች።

«ራስዎ አይደሉ እንዴ አይቻለሁ በይ ያሉኝ?»

ኢንጂነሩ ወደ ጣሪያው፣ መዝገቡ ወደሚሰማበት ቀዳዳ አዩ። ከዚያ ወደ እሷ አዩ።

«አልኩ?» አሉ ቀስ ብለው። «የት ተጽፏል?»

በማግስቱ ፎቶዋ «ሐሰተኛ ምስክር የሰጠች ሠራተኛ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በረንዳው ላይ ተለጠፈ፤ ከስምንት ሰዓቱ ማስታወቂያ ጎን። እሷንም ከቢሮ አውጥተው የአዳራሹ ካርድ ተቆጣጣሪ አደረጓት። ስለዚህ በፎቶዋ ሥር ቆማ ካርድ ታያለች።

ፎቶው ግን ምንም አይደለም፤ የመንግሥት ማስታወቂያ ማን ያምናል? ዳጉው ነው የገደላት። ሞሚና ያላየችውን አየሁ አለች የሚለው ቃል በሁለት ቀን ኦቦክ ደርሶ ተመለሰ፤ ማን እንደሰማው፣ ከማን እንደሰማው፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ ምንም ሳይጎድልበት። አባቷ የሰሙት ከወንበር ቁጥር አሥራ ስምንት ነው።

«እውነት ነው?» አሏት።

«ነገሩ እኮ እውነት ነው፣ አባ! ባሕሩ ይፈላል!»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ሞሚና የካርድ ማንበቢያዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«የሳልሚን ቃል ነበረ» አሉ አባቷ። «ባለቤት ያለው ቃል ነበረ። አንቺ የራስሽ አደረግሽው፤ የአንቺ ደግሞ አልሆነም። አሁን የማንም አይደለም።»

ኬብሉ በነጥብ አርባ አንድ ላይ ተዘረጋ። መርከቧ መለከቷን ነፍታ ወደ ሌላ አገር ሥራዋ ሄደች። የምርቃቱ ዕለት ባንድ መጣ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ኢንጂነር ውብአንተ ሜዳሊያ ተንጠለጠለላቸው። የአዳራሹ ካርድ ከአራት ወደ ስምንት አደገ። እስከዚያ አዳራሹን ያቀዘቅዙ የነበሩት ያረጁ ባትሪዎች ከእንግዲህ አያስፈልጉም ተብሎ በዚያው ሳምንት ተነቅለው ወደ ሌላ ከተማ ተጫኑ።

አባቷ አሥራ አንድ ቀን በስምንት ሰዓት ኖሩ። ፊታቸው ጠራ፤ እግራቸው ላይ የነበረው እብጠት ሟሸሸ። አንድ ቀን እንዲያውም ወንበር አሥራ ስምንትን በጨዋታ አስቀውት ካሜራው ለፀጥታ አስጠነቀቃቸው። ሞሚና በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው፣ በሕይወቷ ተመኝታ የማታውቀውን ተመኘች፤ ዳጉው ውሸት እንዲሆን። ሳልሚን ሰክሮ ይሁን፣ መረቡን ምድጃ አቃጥሎት ይሁን። እኔ ብቻ ውሸታም ልሁን፣ አለች በልቧ፣ ኬብሉ ይቆይልኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የአዳራሹ ማራገቢያዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ሞሚና ጣሪያውን አላየችም።

ኬብሉ ነጥብ አርባ አንድ ላይ ቀልጦ ተበጥሷል። መርከቧ ለጥገና የምትመለሰው ከዓመት ከስድስት ወር በኋላ ነው። ባትሪዎቹ የሄዱበት ከተማ ባትሪዎቹን አልመልስም አለ፤ ማን ይመልሳል? ከቀሪው ኃይል ላይ ተደልድሎ የአዳራሹ ካርድ ሦስት ሰዓት ሆነ። አጣሪ ቡድን ከአዲስ አበባ መጥቶ አርባ ገጽ ጻፈ። ሞሚና ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘች፦ «ስለ ነጥቡ ቀደም ሲል የቀረበ ተዓማኒ መረጃ የለም።» ወረቀቱን ጨምድዳ ወረወረችው፤ ከዚያ አንስታ አቃናችውና ወደ ቦታው መለሰችው፤ ፈርማ የተረከበችው ነውና።

ከሳምንት በኋላ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በአዳራሹ ፊት ባለው መንገድ የሐንፈሬ የጨው መኪና ብቅ አለ። ሞሚና የካርድ ማንበቢያውን አስቀምጣ እስከ መንገዱ ጠርዝ ወረደች፤ የተለመደው ጥላ ሥር ቆመች። የምትለውን አዘጋጅታለች። አላየሁም ነበር ልትለው ነው፤ ያየው ሳልሚን ነው ልትለው ነው። መኪናው ቀረበ። ሐንፈሬ በመስኮቱ በኩል አያት። እጁ ከቀይዋ ቁልፍ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል። ያን ዕለት አልታመመም። መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ፤ የጨው ብናኝ ፊቷ ላይ ቀረ።

ጡሩንባው እስኪነፋ እዚያው ቆየች። ስትመለስ አባቷ በረንዳው ላይ ሰደሪያቸውን ፈትተው ተቀምጠዋል። ውሸቷን ከሰሙ ወዲህ ዳጉ ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። ፊቷን አዩና ከጎናቸው ያለውን አግዳሚ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉላት። ተቀመጠች።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?» አሏት።

«ምንም አልሰማሁም» አለች። «ሐንፈሬ ሲያልፍ አየሁ። አልቆመም።»

«በዓይንሽ አየሽ?»

«በዓይኔ አየሁ፣ አባ።»